ወተቴ አይበቃም ስለምትል ወጣት እናት

በዚህ ወር ልንጽፍበት ያሰብነው ጉዳይ በአደባባይ የማይነሣ፤ በስብሰባም የማይመከርበት፤ ነገር ግን የብዙ ሕፃናት ጤንነት የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ይኸውም አዲስ የወለደች ወጣት እናት «ወተቴ ለልጄ አይበቃም» ብላ መጠራጠሯ ነው። ይህ ቃል በአራስ ቤት በዝግታ ይነገራል፤ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ እናት ለእናት ታወራዋለች፤ በመድኃኒት ቤት መስኮት ደግሞ የጣሳ ወተት ለመግዣ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። ቃሉ አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ስለ ሆነ፤ ክቡራን መምህራንና የከተማ ነዋሪ አንባቢዎቻችን ነገሩን ከእኛ ጋር በጥሞና እንዲመረምሩት እንለምናለን።

አሳባችንን ከመነሻው በግልጥ እንናገር። ከእነዚህ እናቶች አብዛኞቹ የጎደላቸው ወተት አይደለም፤ የጎደላቸው ልበ ሙሉነት ነው። ልበ ሙሉነት ደግሞ ከአንዲት ሴት ጋር የሚወለድ፤ ከሌላዪቱ ጋር የማይወለድ ጠባይ አይደለም። በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች የሚሰጧት ወይም የሚነሧት ነገር ነው። ስለዚህ «ወተት የለኝም» የምትለውን ወጣት ከመውቀሳችን በፊት፤ ይህን ቃል ማን እንዳስተማራት መጠየቅ ይገባል።

አስቀድሞ የታወቀውን ነገር በአጭሩ እናስታውስ። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የሚመክሩት ሦስት ነገር ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ፤ ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር፤ ከእናቱ ጡት ሌላ ውኃም እንኳ አይቅመስ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ምግብ እየተመገበ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውኃ ስለ ሆነ፤ በሞቃት ቆላ የሚያድግ ሕፃን እንኳ ሌላ ውኃ አያስፈልገውም።

የአገራችን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ጡት በማጥባት የታወቁ ናቸው። ጨርሶ ጡት ሳይቀምስ የሚያድግ ልጅ በመካከላችን እጅግ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደ ታየው፤ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል የእናታቸውን ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ። ከቀሩት 42 ውስጥ የሚበዙት እየጠቡ ሳለ ውኃ ወይም የላም ወተት ወይም ሌላ ነገር ይጨመርላቸው ነበር። እንግዲህ የእኛ ችግር እናቶች ጡት አለመስጠታቸው አይደለም። ጡታቸው ብቻውን ይበቃል ብለው አለማመናቸው ነው።

ይህ ጥርጣሬ መቼ ይወለዳል? ብዙውን ጊዜ ከሕፃኑ ጋር በአንድ ሳምንት ይወለዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከእናቲቱ ጡት የሚወጣው እንገር ነው። እንገር ቢጫነት ያለው፤ ወፍራምና መጠኑ ጥቂት የሆነ ወተት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ሁሉ ቢሰበሰብ ጥቂት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ይህ ግን ጉድለት አይደለም። የአንድ ቀን ሕፃን ጨጓራ ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ወተት መያዣ ስፍራ የለውም። እንገሩም በመጠን ቢያንስ በሽታን የሚከላከሉ ነገሮች የሞሉበት ስለ ሆነ፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ብዛት ያለው ወተት የሚመጣው እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የሆርሞን ሚዛን ሲለወጥ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። በነዚሁ ቀናት ሕፃኑ ከተወለደበት ክብደት ጥቂት ይቀንሳል፤ እስከ 7 ከመቶ፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ 10 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ደኅና እየጠባ ከሄደ በሁለት ሳምንት ገደማ የቀነሰውን ይመልሳል።

ይህን አስቀድሞ ያልነገሯት፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ምን ታያለች? ጡቷ ገና ያልሞላ ሆኖ ታየዋለች። ልጇ ሌሊት ሲያለቅስ ትሰማለች። ሰውነቱም ትናንት ከነበረው የከሳ ይመስላታል። በዚህች ሰዓት ከአጠገቧ ያለ ሰው «ይህ ልጅ እኮ ተራበ፤ ጡትሽ ባዶ ነው» ያላት እንደ ሆነ፤ ድካምና ሕመም ያለባት ልቧ ቃሉን እንደ ፍርድ ይቀበለዋል። ተናጋሪው ምናልባት ተናግሮ ረስቶት ይሆናል፤ እርስዋ ግን ልጁ ባለቀሰ ቍጥር ታስታውሰዋለች።

አሁን ወተት እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ከእናቲቱ አንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። አንደኛው ፕሮላክቲን ይባላል፤ ሥራውም ጡት ወተት እንዲያዘጋጅ ማዘዝ ነው። ይህ ሆርሞን ሌሊት ይበልጥ የሚበዛ ስለ ሆነ፤ ሌሊት ማጥባት እንደ ከንቱ ድካም ሊቈጠር አይገባውም። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ሥራውም የተዘጋጀውን ወተት ገፍቶ ወደ ጡት ጫፍ ማውረድ ነው። ይህ ሁለተኛው ከእናቲቱ ስሜት ጋር የተቈራኘ ነው። የልጇን ድምፅ ስትሰማ፤ ጠረኑን ስታሸት፤ ሳይጠባ እንኳ ወተቱ ሊፈስ ይችላል። ሲያማት፤ ስትደነግጥና ስትሸማቀቅ ደግሞ ወተቱ በጡቷ ውስጥ እያለ ለጊዜው አልወርድ ይላል።

ከብት ያረባ የአገራችን ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። ላም ከመታለቧ በፊት ጥጃዋ ጥቂት እንዲጠባት ይለቀቃል። የደነገጠች ወይም ባዕድ ሰው የቀረባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትከለክል የጥጃዋ ቆዳ በጭድ ተሞልቶ ከፊቷ የሚቆምበት ልማድም አለ። ይህን መናገራችን እናትን ከእንስሳ ጋር ለማስተካከል አይደለም። ነገር ግን ለላሙ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፤ ልጁን የምታጠባውን ባለቤቱን በነቀፋ ቃል የሚያስደነግጣት ስለ ምን ነው ብለን ብንጠይቅ ተገቢ ይመስለናል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ሕግ አለ። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው። ወተቱ ከጡት ሲወጣ ሌላ ይተካል፤ ሳይወጣ ሲቀር ግን ጡቱ ራሱ «በቃኝ» ብሎ መሥራቱን ይቀንሳል። የጡት ትልቅነትና ትንሽነት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር እምብዛም የለም፤ መጠኑን የሚወስነው አብዛኛው ስብ ነውና። እንግዲህ እናቲቱ ተጠራጥራ አንድ ጡጦ የጣሳ ወተት ስትሰጥ የሚሆነውን እናስተውል። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ መጥባት የነበረበትን ሳይጠባ ይቀራል። ጡቷም ያልተፈለገ መስሎት ለነገው ያነሰ ያዘጋጃል። በማግስቱ ሕፃኑ ጡት ይዞ ሲያለቅስ እናቲቱ «ቀድሞውንም ብዬ ነበር» ትላለች፤ ሁለተኛ ጡጦም ይጨመራል። እንዲህ እየሆነ በአንድ ወር ውስጥ ወተቱ በእውነት ይነጥፋል። መጀመሪያ ሐሰት የነበረው ጥርጣሬ በራሱ ሥራ እውነት ይሆናል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሳይስማማው አይቀርም።

ብድሩም ርካሽ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ስለ ንጽሕና ብዙ ጊዜ አንብበዋልና ጡጦን በንጽሕና ዓይን እንዲመለከቱት እንፈልጋለን። የዱቄት ወተት ጣሳው ገና ሲከፈት እንኳ ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ የሚበጠብጡት ሰዎች የፈላ ውኃ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ እንዲጠቀሙ፤ ከዚያም አብርደው ወዲያው እንዲሰጡ የዓለም የጤና ድርጅት ያዝዛል። ጡጦውና ጫፉ በየጊዜው በብሩሽ ታጥበው መቀቀል አለባቸው። ይህ ሁሉ በቀንና በሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ መደረግ አለበት። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት፤ ከሰልና ጋዝ በተወደደበት ቤት ይህን ሳያጓድል የሚፈጽም ማን ነው? ከዚህም ጋር የጣሳው ዋጋ ስለሚከብድ፤ ብዙ ቤተ ሰብ አንዱን ጣሳ ለማቈየት ዱቄቱን ያሳንሳል፤ ውኃውን ያበዛል። ሕፃኑም ሆዱ በውኃ ተነፍቶ ሰውነቱ ይከሳል። ተቅማጥ ሲጨመርበት አደጋው የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት፤ ጡት ማጥባት በሚገባው መጠን ቢስፋፋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ800 ሺህ በላይ ሕፃናትን ከሞት ማዳን እንደሚቻል ገምቷል። እንግዲህ በአራስ ቤት የሚወረወር አንድ ቃል ከዚህ ቍጥር ጋር የተያያዘ መሆኑን እናስብ።

ለትምህርት በውጭ አገር በቆየንበት ጊዜ ካስገረሙን ነገሮች አንዱ፤ ሕፃን እንዴት ታቅፎ ጡት እንደሚይዝ ለነርሶች በሥዕልና በአሻንጉሊት መማሪያ መሰጠቱ ነበር። ምክንያቱን ስናጠና፤ በበለጸጉት አገሮች ይህ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ ደርሶ እንደ ነበረ ተረዳን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልጃቸውን ጡት ማጥባት የጀመሩት እናቶች ከአራቱ አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ ሴቶች ጡት ወተት መሥራት ተስኖት አልነበረም። አያቲቱም እናቲቱም በጡጦ ያሳደጉ ስለ ሆኑ፤ ወጣቲቱ «ይቻላል» የሚላት ሰው አጥታ ነበር። ይህን ያዩ ሰባት እናቶች በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1956 ላ ሌቼ ሊግ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሌቼ ማለት በስፓንኛ ወተት ማለት ነው። መድኃኒት አላደሉም፤ ገንዘብም አላከፋፈሉም። ሥራቸው ያጠባች እናት ለምታጠባ እናት የምታውቀውን እንድትነግርና እንድታበረታታ ማድረግ ነበር። ማኅበሩም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዳና ራፋኤል የተባለች የሥነ ሰብእ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመችው መጽሐፍ፤ አራስ እናት ልጇን በሚገባ እንድታጠባ ከተፈለገ እርስዋን ራስዋን እንደ እናት የሚንከባከብ ሰው ያስፈልጋታል የሚለውን አሳብ አስፋፋች። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ፤ ለእናቶች ናሙና በነጻ እንዳይታደል፤ በጣሳውም ላይ የሚያባብል የሕፃን ሥዕል እንዳይለጠፍ የሚከለክለውን ደንብ ያወጣው፤ ማስታወቂያ የእናቶችን ልብ የሚያናውጥ መሆኑ ስለ ታወቀ ነው።

እነርሱ በማኅበርና በመጽሐፍ የፈለጉትን እኛ በቤታችን አግኝተነዋል። የአራስ ወጋችን ይህ ነው። ልጅቱ ስትወልድ እናቷ ከሩቅ አገር ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይሞቃል፤ አራሷ ከሥራ ሁሉ ታርፋለች፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ፤ ሌላውም እንደየሃይማኖቱ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» እያለ ይጠይቃታል። ከዚህ የሚበልጥ የእናት መንከባከቢያ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብንም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው፤ በከተማ ኑሮ ይህ ወግ እየሳሳ መሄዱ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባልዋ ጋር ብቻዋን የምትኖር፤ እናቷም ለሁለት ሳምንት ብቻ መጥታ የምትመለስባት ወጣት፤ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ይዛ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ሁለተኛው ደግሞ፤ ወጉ ባለበት ቤትም ጠቃሚው ከጎጂው ጋር ተደባልቆ መገኘቱ ነው። በአንዳንድ ቦታ እንገሩ «ያረጀ ወተት ነው» ተብሎ ይደፋል፤ ሕፃኑ ጡት ሳይዝ ጥሬ ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ይቀምሳል። የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ለእናቲቱ የሚደርሳት መልእክት «ያንቺ ጡት ብቻውን አይበቃም» የሚል ነው። ስለዚህ ወጉ ይጠበቅ፤ ጎጂው ይወገድ እንላለን። ቅቤው በአራሷ ገንፎ ላይ ይሁን እንጂ በሕፃኑ አፍ አይሁን።

እንኪያስ ወተቱ መብቃት አለመብቃቱ በምን ይታወቃል? ለቅሶ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ሕፃን በብርድም፤ በሙቀትም፤ መታቀፍ ፈልጎም ያለቅሳልና። ማታ ማታ ጡት ደጋግሞ መፈለጉም የረኃብ ማስረጃ አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት እንደ ቀድሞው ሳይወጠር መለስለሱ፤ ወተቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር መስማማቱን እንጂ መንጠፉን አያሳይም። እውነተኞቹ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የሽንቱ ብዛት ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀንና በሌሊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ጨርቁን በነጣ ሽንት ካረጠበ በቂ ወተት እያገኘ ነው።

ሁለተኛ፤ ክብደቱ ነው። በሁለት ሳምንት ወደ ተወለደበት ክብደት ከተመለሰና ከዚያም በየጊዜው በጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ ከጨመረ፤ ከሚዛኑ ይልቅ የጎረቤትን አስተያየት ማመን አይገባም።

ሦስተኛ፤ አጠባቡ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ፤ ሲጠባም ሲውጥ መሰማቱ፤ ጡቱን ራሱ ለቅቆ መርካቱ ደኅና ምልክት ነው።

አራተኛ፤ አያያዙ ነው። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፤ አገጩ ጡቷን ነክቶ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፤ ከጡት ጫፍ ጋር በዙሪያው ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ብዙውን ሊጎርስ ይገባዋል። ጫፉን ብቻ ከያዘ እናቲቱን ያቈስላታል፤ ወተትም በሚገባ አያገኝም። ብዙ «ወተት የለኝም» የሚባል ችግር አያያዙን በማስተካከል ብቻ ይወገዳል።

ይህን ስንል እውነተኛ ችግር የለም ማለታችን አይደለም። ሕፃኑ ሽንቱ ካነሰ፤ እንቅልፍ አብዝቶ ለመጥባት ካልነቃ፤ ሰውነቱና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፤ ክብደቱም ከ10 ከመቶ በላይ ከቀነሰ፤ እናቲቱም ጡቷ ቀልቶና ጠጥሮ ትኩሳት ከያዛት፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በጤና ባለሙያ ክትትል ልጇን ማጥባት ትችላለች እንጂ፤ በፍርሃት ጡቷን መከልከል የለባትም። በሕመም ወይም በሌላ እውነተኛ ምክንያት ጡቷ ያልበቃላት፤ በሐኪም ምክርም ምትክ ወተት የምትሰጥ እናት ብታጋጥመን ደግሞ አንነቅፋትም። የእርስዋ እናትነት በጡጦ አይቀነስም። የምትፈልገው ንጹሕ አዘገጃጀት እንዲታያት ነው። «ጡት ብቻ» የሚለው ትምህርት እናቶችን የሚያሸማቅቅ በትር ከሆነ፤ እኛ የምንዋጋውን ፍርሃት ራሱ መልሶ ያመጣዋል።

ስለዚህም የጤና ሠራተኛው ሥራ «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጪ» ብሎ በመናገር አይፈጸምም። ትእዛዝ ልብን አይሞላም። አዋላጅ ነርሷ እናቲቱ ከመሄዷ በፊት ተቀምጣ አንድ ጊዜ ስታጠባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብታይላት፤ አያያዙን ብታስተካክልላት፤ «ይኸው ዋጠ፤ ሰማሽው?» ብትላት፤ ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቤቷ ጎራ ብላ ብታያት፤ ጥርጣሬው ሥር ሳይሰድ ይነቀላል።

ነገር ግን ከጤና ሠራተኛው ይልቅ አራሷን ዘወትር የሚያገኟት ሌሎች ናቸው። ከእነርሱም የምንለምነው ይህን ነው።

ባል፤ ወተቱን ሊሠራ አይችልም፤ የምትሠራዋን ግን ሊያሳርፋት ይችላል። ሌሊት ልጁን አንሥቶ ያቀብላት፤ ጨርቁን ይለውጥ፤ የምታጠባ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋት አውቆ ያዘጋጅላት። ሰው ቢነቅፋት በፊቷ ይከላከልላት።

የባልም ሆነ የእርስዋ እናት፤ በዚህ ነገር ከሐኪም ይልቅ የምትሰማ ናት። እማማ «እኔም አንቺን ሳጠባ እንዲሁ ፈርቼ ነበር፤ ይሞላል» ቢሉ ያች ወጣት ሌሊቱን ታልፋለች። ስለዚህ አያቶችን ከምክሩ ውጭ አድርገን ልጆቻቸውን ብቻ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው።

መምህራን ሆይ፤ ለእናንተ ሁለት ጥያቄ አለን። የመጀመሪያው፤ በሳይንስ ትምህርት ስለ አጥቢ እንስሳት ስታስተምሩ፤ ሰውም ከእነርሱ አንዱ መሆኑን፤ ጡት በተጠባው ልክ ወተት እንደሚሠራ፤ እንገርም እንደማይደፋ ለወንዶችና ለሴቶች ተማሪዎቻችሁ በግልጥ አስረዱ። ዛሬ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወላጆች ናቸው፤ ያለ ኀፍረት የተማሩትም ያለ ፍርሃት ይሠሩታል። ሁለተኛው፤ በመካከላችሁ ስላሉት ሴቶች መምህራን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስድስት ወር ግን 180 ቀን ያህል ነው። በሌላ የሥራ ሕግ የሚተዳደሩትም ቢሆኑ ፈቃዳቸው ሲያልቅ የሚገጥማቸው ጥያቄ ያው ነው። በመካከሉ ያለው ሦስት ወር በሕግ ሳይሆን በባልንጀራ ደግነት የሚታለፍ ነው። አንድ የሚዘጋ ክፍል፤ አንድ ንጹሕ ወንበር፤ ሃያ ደቂቃ የምትሸፍንላት ባልንጀራ ካገኘች፤ እጇን ታጥባ ወተቷን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ልታልብ ትችላለች። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ስፍራ እስከ አራት ሰዓት፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቈያል። ለሕፃኑም በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ንጹሕ ስኒ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ስኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላልና። ርእሰ መምህር የሆነ ሰው ይህን ለመፍቀድ ልዩ በጀት አያስፈልገውም።

በመጨረሻም፤ አራስ ለመጠየቅ ለምንሄድ ሁሉ አንድ ቃል አለን። ስንቅ ይዘን እንደምንሄድ ሁሉ የምንናገረውንም አስበን እንሂድ። «ምነው ልጁ ከሳ? ወተት የለሽም እንዴ?» ማለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ ነቀፋ ነው። በዚህ ፈንታ «አጠባቡ እንዴት ነው? ያማሻል? ምን ልሥራልሽ?» ብንላት፤ የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ለመናገር በር እንከፍትላታለን። የሚያስጨንቅ ምልክት ካየንም በፊቷ ከመደንገጥ ይልቅ እጇን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳት። ጣሳ ስጦታ አድርጎ መውሰድም፤ በፍቅር ቢሆን እንኳ፤ ያልተጠየቀ ፍርድ መስጠት መሆኑ አይረሳ።

የእናት ጡት ወተት ገበያ የማይወጣ፤ ቀረጥ የማይከፈልበት፤ ውኃ ማፍላት የማያሻው፤ ሌሊት በጨለማ የሚገኝ ምግብ ነው። መንግሥት ሊያድለው፤ ነጋዴም ሊያስመጣው አይችልም። ከወጣቲቱ እናት ጋር አብሮ ያለ ሀብት ነው። እኛ ልንጨምርበት የምንችለው ነገር ቢኖር እርስዋ እንድታምነው ማድረግ ብቻ ነው፤ ይህም ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።